«ለማየት ብቻ» የተከፈተ ዳታቤዝ

ጋምቤላ ከተማ ካሉ ቢሮዎች እስከ ላሬና አኮቦ ወረዳዎች ድረስ «ዳታቤዙን ላክልኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚላከው የኤክሴል ፋይል ነው። በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይከፍተዋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ ወደ ትልቁ ሲስተም ያስገባዋል። ትልልቆቹ ሲስተሞችም ከክልሉ ሰው ኑሮ ጋር ከተሳሰሩ ቆይተዋል። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የዘረጋው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2 አለ፤ የንግድ ባንክ የሒሳብ ሲስተም አለ፤ በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊና በፒኝውዶ መጠለያዎች ያሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት መዝገብ አለ፤ አሁን ደግሞ ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ተጨምሯል።

በእነዚህ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ወሬ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው የሳይበር ጥቃትን ነው። በይፋ የታወቁትን አደጋዎች አንድ በአንድ ላየ ግን ሌላ ተጠርጣሪ ብቅ ይላል። ከባድ ጉዳት ካደረሱት ውስጥ ብዙዎቹ ሥራ ለማቅለል የተሠሩ የፕሮግራመር መሣሪያዎች ናቸው፤ ያጠፉትም ተበላሽተው ሳይሆን የታዘዙትን በትክክል ፈጽመው ነው። ሥራ ላይ ባለ ዳታቤዝ ላይ «ለማየት ብቻ» ወይም «ለሙከራ ብቻ» የሚባል ነገር የለም የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው። ማየት ይቆልፋል፣ መቅዳት ይለውጣል፣ መሞከር ያጠፋል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ከኪቦርዱ በጣም ርቆ የቆመው ሰው ነው።

ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የተጀመረው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሞባይል ተዛመተ፤ ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የመጣው ከጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥገናና ፍተሻ እንደሆነ አስታወቀ። በነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተካሂዶ ነበር፤ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ በኋላ ተገለጸ። ሦስት አራተኛ ያህሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ።

ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ያን ሰሞን ያልተናገረ አልነበረም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ወገን ነው፤ «የለህም» ማለት የነበረበት ሲስተም «እሺ» ያለው ሊያጠናክሩት በገቡ ሰዎች እጅ እያለ ነው። እንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የሌሊት ሥራዎችን በተራ የሚያስኬደውን ሶፍትዌር ሲያሻሽል ችግር ገጠመው፤ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ሲሞክር ደግሞ የሥራው ሰልፍ ተበላሸ። ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ችግሩ ደረሰባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆጣጣሪዎች 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። የተነካው የገንዘቡ መዝገብ ራሱ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ ሶፍትዌር ነበር።

እነዚህ ቢያንስ ሊለውጡ የገቡ ናቸው። ማየት ብቻ እንዴት ይጎዳል?

ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራውም በእሱ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ በዲቢቨር ወይም በፒጂአድሚን ገብቶ አንድ ሠንጠረዥ እንዲታየው ይጠይቃል እንበል። መሣሪያው እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው እንዲያጸድቅ ካልተደረገ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ገና ያልጸደቀ ሥራ፣ ይከፈታል። ባለሙያው ውጤቱን አይቶ ቡና ሊጠጣ ይወጣል፤ ትራንዛክሽኑ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። የያዘው ቁልፍ ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያነብም ሆነ እንዳይጽፍ አይከለክልም። ታሪኩ የሚለወጠው አንድ ባልደረባ «ለዚህ ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ልጨምር» ሲል ነው። የእሱ ትእዛዝ ሠንጠረዡን ለብቻው ስለሚፈልግ የመጀመሪያው እስኪለቅ ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የመጣ ጥያቄ ሁሉ፣ ተራ ንባብ እንኳ ቢሆን፣ ከእሱ ኋላ ይሰለፋል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አንዱ «ወፍጮውን ልፈታው ነው» ብሎ ከቆመ ከኋላው ያሉት እናቶች አንድ ቁና ብቻ ይዘው ቢመጡም እንደሚቆሙት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለ ተገልጋይ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለውን ነው፤ ሲስተሙ ግን አለ፣ ቡና የሚጠጣ ሰው እየጠበቀ ነው።

ባክአፕም ከዚህ አያመልጥም። ፖስትግሬስን የሚቀዳው ፒጂ-ደምፕ ሥራው እስኪያልቅ ያንኑ ቀላል ቁልፍ በሁሉም ሠንጠረዦች ላይ ይይዛል። ለሰዓታት ከሄደ ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት የተሰረዙና የተለወጡ ረድፎች እንዳይጸዱ ስለሚያደርግ ዳታቤዙ ያብጣል። አንዳንዱ «ከቅጂው ሰርቨር ላይ እናንብብ» ይላል። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ነጻ አይደለም፤ ቅጂው ላይ የሚሄድ ረጅም ሪፖርት ወይ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ወይም እንዳይቋረጥ ሲባል ዋናው ሰርቨር ጽዳቱን እንዲያዘገይ ይደረጋል።

ጋምቤላ ላይ ይህ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው፤ ላፕቶፑ ባሮ ወንዝ ዳር። ባለሙያው አንድ ረድፍ አስተካክሎ ሳያጸድቅ መብራት ጠፋ ወይም መስመሩ ተቆረጠ እንበል። «ሥራዬ ተቋረጠ፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ላፕቶፑ ግን ሲጠፋ ለሰርቨሩ የተሰናበተው ነገር የለም። ሊኑክስ በዲፎልት አቀማመጡ፣ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን መጠየቅ የሚጀምረው ከ7,200 ሰከንድ በኋላ ነው፤ 2 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያም በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። እስከዚያ ድረስ የተያዘው ቁልፍ እንደተያዘ ነው። ባለሙያው መብራት ሲመጣ ተመልሶ ገብቶ ያንኑ ረድፍ ሊያስተካክል ቢሞክር የሚከለክለው የራሱ የቀድሞ ግንኙነት ነው። ቦሌ ያለ ቢሮ ውስጥ፣ በጄኔሬተርና በማይቆራረጥ መስመር ሲስተሙን የሠራው ልጅ ይህን ላያይ ይችላል፤ እሱ ጋ ግንኙነት የሚዘጋው ሰው ሲዘጋው ነው።

ፖስትግሬስ ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ያለን ተጠቃሚ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚያስወጣ አማራጭ ከ9.6 እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለው። ዲፎልቱ ግን ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ «አታስወጣ»።

ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ ከዚህም የረቀቀ ምሳሌ ይሰጣል። አዲሱን እትም አውርዶ «እስቲ ምን እንደጨመሩ ልየው» ብሎ ከእውነተኛው ዳታቤዝ ጋር ያስነሣ ሰው ዳታቤዙን አሻሽሎታል። ፕሮግራሙ ሲነሣ የጎደሉ ለውጦችን ራሱ ይፈጽማል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው እትም በዚያው ዳታቤዝ ላይ መሥራት አይችልም። መመለሻው ከማስነሣት በፊት የተወሰደ ባክአፕ ብቻ ነው። ሌላው፣ አንድ ስህተት በፕሮግራሙ በኩል ሳይሆን በቀጥታ በፒጂአድሚን ገብቶ ማረም ነው። ፕሮግራሙ አንብቦ በትውስታው የያዘውን እስኪያድስ ድረስ አሮጌውን ቁጥር ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ያረመው ሰው «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ያርማል።

ወደ መቅዳት እንምጣ። በየቢሮው «ዛምፕ»ን ጭኖ በፒኤችፒማይአድሚን ማይኤስኪውኤልን ማስተዳደር የተለመደ ነው። ማይኤስኪውኤልደምፕ የሚሠራው የባክአፕ ፋይል በዲፎልት፣ ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ በፊት «ይህ ሠንጠረዥ ካለ አጥፋው» የሚል ትእዛዝ ያስቀድማል። ባዶ ኮምፒውተር ላይ ለመመለስ ይህ ምቹ ነው። የባለፈውን ወር ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ሊከፍት ፈልጎ በስህተት የሰርቨሩን መስኮት ለከፈተ ሰው ግን የአንድ ወር ሥራ በሰከንዶች ውስጥ ይሄዳል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተባለውን አደረገ።

በዓለም ላይ ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ ትምህርት ያለው የኮድ ማስቀመጫው የጊትላብ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ አንድ መሐንዲስ ከዋናው ጋር መከታተል ያቃተውን ሁለተኛ ሰርቨር እንደገና ሊያስተካክል ይደክማል። የሁለተኛውን የዳታ ማኅደር እያጠፋሁ ነው ብሎ የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው ግን 4.5 ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባክአፕ የለም። የመቅጃው መሣሪያ የ9.2 እትም፣ ዳታቤዙ የ9.6 ስለነበር በየቀኑ እየከሸፈ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ የላኪውን ማንነት በሚያጣራው ደንብ ተመልሷል። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሙከራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። ወደ 5,000 ፕሮጀክት፣ 5,000 አስተያየትና 700 አዲስ ተጠቃሚ የሚሆን መረጃ ጠፋ። ድርጅቱ ማገገሙን በቀጥታ በዩቲዩብ እያስተላለፈ ሠራ፤ በኋላም ሁሉንም ጽፎ አወጣ። እዚህ ላይ የተደራረበውን ልብ ይሏል፤ አንድ መሣሪያ አጠፋ፣ ሌላው ሳይቀዳ ኖረ፣ ሦስተኛው ሳይናገር ቀረ።

የሙከራ ፕሮግራሞች ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሌላው የኮድ ማስቀመጫ ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2010 የደረሰበት የአቀማመጥ ስህተት ነበር፤ የሙከራ ሥራው እውነተኛውን ዳታቤዝ የራሱ መስሎት አጥፍቶ እንደ አዲስ ሠራው። ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ዳታቤዙን ባዶ ማድረግ የእነዚህ ፕሮግራሞች ተፈጥሮ ነው። በወጣት ፕሮግራመሮቻችን ዘንድ የታወቀው የድረ ገጽ መሥሪያ ላራቬልም ይህ ወጥመድ አለበት። ለፍጥነት ሲባል አቀማመጦቹ ተጠቃለው ከተቀመጡ፣ ለሙከራ ተብሎ የተጻፈው የዳታቤዝ አድራሻ አይነበብም፤ ሙከራው በቀጥታ ወደ ዋናው ይሄዳል። ላራቬል ሠንጠረዦችን ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ያለበት ቦታ «ፕሮዳክሽን» ተብሎ ከተጻፈለት ብቻ ነው። ከላፕቶፕ የተገለበጠው ፋይል «ሎካል» እንዳለ ሰርቨር ላይ ከተጫነ አይጠይቅም። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሬይልስ በ5ኛው እትሙ ይህን ለመዝጋት የወሰደው መንገድ ብልህ ነው፤ «እኔ ፕሮዳክሽን ነኝ» የሚለውን ምልክት ዳታቤዙ ውስጥ ጻፈው። ማንነቱን የሚናገረው የመጣው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ሆነ።

አሁን ወደ ኤክሴል ልመለስ፤ ለጋምቤላ ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። ባለሙያዎች ኤክሴልን ከፕሮግራመር መሣሪያ አይቆጥሩትም። ዳታ ወደ ዳታቤዝ የሚገባበትና የሚወጣበት በር እሱ እስከሆነ ድረስ ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚነካው ነው፤ ፋይሉን ለማየት መክፈትና መልሶ ማስቀመጥ ብቻ ለጉዳቱ ይበቃል። በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አኃዝ ነው፤ ኤክሴል ከ11 በላይ የሆነውን በሳይንስ አጻጻፍ ያሳጥረዋል። ፋይሉ እንደ ሲኤስቪ ከተቀመጠ የሚቀመጠው የሚታየው ነው፤ በ1000 ከሚጀምሩት ሒሳቦች ብዙዎቹ አንድ መስለው ይወጣሉ። ፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር 16 አኃዝ ነው፤ ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው 15 ስለሆነ የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይለወጣል። ይህኛው በጣም ክፉ ነው፤ ዓምዱ በቁጥር መልክ ሲታይ 16 አኃዝ እንደሆነ ስለሚቀር ዓይን አይይዘውም። የአማርኛ ስም በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ የጥያቄ ምልክት ረድፍ ይሆናል፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለው ሌላ አማራጭ ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ።

ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «30/02/2016» ለእኛ ጥቅምት 30 ነው፤ ለኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። «12/02/2016»ን ግን ቀን ነው ብሎ ይወስደዋል፤ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ዲሴምበር 2 ያደርገዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ እንደ ወር ቦታ የለውም። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 5.7 እትም በፊት በዲፎልቱ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመው አይቃወምም ነበር፤ ዜሮ ዓመት፣ ዜሮ ወር፣ ዜሮ ቀን ብሎ ዝም ብሎ ይመዘግባል። በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ልደት የሌለው ይሆናል።

ይህ የደሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መጨረሻ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የላቦራቶሪ ውጤቶችን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያሰባስብ፣ ዓይነቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከቁጥር ወጡ፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩ ሰዎች ፍለጋም ዘገየ። በዚያው ዓመት የሰው ልጅ ጂን ስያሜ ኮሚቴ ኤክሴል ወደ ቀን የሚለውጣቸውን የጂን ስሞች ራሱ ቀየረ። ማይክሮሶፍት ይህን አውቶማቲክ ለውጥ ማጥፋት የሚያስችል አማራጭ የሰጠው በ2023 ነው። ሳይንቲስቶቹ ቀድመው ተሸንፈዋል።

የስደተኞች መዝገብ እዚህ ላይ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። ልደታቸውን በቀን የማያውቁ ሰዎችን ጃንዋሪ 1 ብሎ መመዝገብ በስደተኞች ምዝገባ የተለመደ ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲዞር ታኅሣሥ 23፣ ከሠግር ዓመት ማግሥት ደግሞ 22 ይሆናል። የኑዌር ሴቶች ስም በብዛት በ«ኛ»፣ የወንዶቹም ብዙው በ«ጋት» ይጀምራል። ኑዌርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆኖ አናባቢዎቹ ላይ ነጥብና ሰረዝ ይጨመርባቸዋል። ማይኤስኪውኤል 8 ደግሞ በዲፎልቱ ሲያነጻጽር እነዚህን ምልክቶች አይቆጥርም፤ በምልክት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ለእሱ አንድ ናቸው። «ስምና ልደት አንድ የሆነውን ድርብ ምዝገባ አጽዳ» የሚል አጭር ትእዛዝ እንዲህ ባለ ዝርዝር ላይ ቢሄድ ሁለት ሴቶችን አንድ ሊያደርግ ይችላል። ለአማርኛው ተቃራኒው ይደርሳል፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለማሽኑ ሁለት ሰው ስለሆኑ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይገኛል። የጣትና የዓይን አሻራ መግባቱ ይህን አደጋ ቀንሶታል፤ ነገር ግን አሻራው ያለው በዋናው መዝገብ እንጂ ከእሱ ተቀድተው በየድርጅቱ በሚዞሩት የኤክሴል ዝርዝሮች ውስጥ አይደለም። ዝርዝር ማለት በመጠለያ ውስጥ ራሽን ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር እርዳታ ላልታሰበለት ዓላማ ውሏል ተብሎ የምግብ ሥርጭቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቆም፣ ለስደተኞቹ እስኪቀጥል ድረስ አራት ወር ያህል ሄዷል፤ የተረጂ መዝገብ መታመንና አለመታመን ምን እንደሚያስከትል ጋምቤላ ያውቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚነዳቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ለጊዜው ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም፣ ፈጣኖች ናቸው እንጂ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የሬፕሊት ረዳት ጄሰን ሌምኪን የተባለ ነጋዴ «ምንም አትንካ» ባለበት ወቅት ከ1,200 በላይ የሥራ ኃላፊዎች መረጃ ያለበትን ዳታቤዝ ደመሰሰ፤ መመለስ አይቻልም ብሎም ተናገረ። ተቻለ።

መፍትሔው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ከዳታቤዝ አስተዳዳሪው በቀር ማንም አይግባ ይላል። ለባንክ ይህ ትክክል ነው። አንድ ሁለት የአይሲቲ ሠራተኛ ያለው የክልል ቢሮ ግን ፕሮግራመሩም፣ አስተዳዳሪውም፣ ፕሪንተር ጠጋኙም አንድ ሰው ነው። እዚያ ክልከላ ቢወጣ ውጤቱ አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉ መዳረስ ነው። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፤ መለወጥ ያለበት ዲፎልቱ ነው። ለማየት የሚገባ ሰው ማንበብ ብቻ በሚችል ስም ይግባ፤ ሰርቨሩ ዝም ያለን ትራንዛክሽን በአምስት ደቂቃ ያስወጣ፤ ቁልፍ የሚጠብቅ ትእዛዝ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይጠብቅ፤ ወደ ወረዳ የሚላከው የኤክሴል ቅጽ የሒሳብ፣ የስልክና የፋይዳ ዓምዶቹ ጽሑፍ ሆነው ተዘጋጅተው ይላኩ። ማይኤስኪውኤል ያለ ማጣሪያ የሚሰርዝን ትእዛዝ የሚከለክል አማራጭ አለው። ሠሪዎቹ ከሰጡት ስሞች አንዱ «እኔ ደደብ ነኝ» እንደማለት ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማንም የማያበራው።

አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ለሙከራ ተብሎ ላፕቶፕ ላይ የተቀዳ የታማሚዎች ዝርዝር በእኔ ንባብ ከዚህ ግዴታ ውጭ አይሆንም። ሌላው ጉዳይ ከአደጋ በኋላ ያለው ነው። በመጋቢቱ ሌሊት ጉዳይ የሕዝብ ዓይን ያረፈው ገንዘቡን በወሰዱት ላይ ነበር። ጊትላብ ግን መሐንዲሱን ለሕዝብ ፍርድ አላቀረበም፤ የትኛው ትእዛዝ፣ በየትኛው ሰርቨር፣ በስንት ሰዓት፣ ባክአፑስ ለምን እንዳልነበረ ጻፈ። ከእኛ ባንክ፣ ከጤና ቢሮ ወይም ከስደተኞች መዝገብ እንዲህ ያለ ሪፖርት ቢወጣ መጀመሪያ የማየው ሦስት ነገር ነው፤ ሰውየው የገባበት የተጠቃሚ ስም ምን ምን ይፈቅድለት እንደነበር፣ የሰርቨሩ የጊዜ ገደብ ዜሮ ላይ እንደሆነ፣ እና ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረበት ቀን።